ከመድኃኒቱ በፊት የነበሩ ሕዋሳት፦ የዕጢ ዝግመተ ለውጥና የሒሳብ ድርሻ

አንድ የካንሰር ዕጢ በመድኃኒት ኃይል ተሟሽሾ፣ በምስል ምርመራ እንኳ እስከማይታይ ድረስ ከጠፋ በኋላ፣ ወራት ወይም ዓመታት ቆይቶ ተመልሶ ማደጉና ቀድሞ ለተሸነፈለት መድኃኒት አልበገር ማለቱ በካንሰር ሕክምና ውስጥ ደጋግሞ የሚያጋጥም ሽንፈት ነው። ከዚህ ሽንፈት ጀርባ ያለው ጥያቄ በአጭሩ ሊቀመጥ ይችላል፤ መድኃኒቱን የሚቋቋሙት ሕዋሳት የተፈጠሩት በመድኃኒቱ ምክንያት ነው ወይስ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊትም በዕጢው ውስጥ ነበሩ? ከአንድ ቢሊዮን ሕዋሳት መካከል ጥቂት መቶዎቹን ለይቶ ማየት ለረጅም ዘመን ከላብራቶሪ መሣሪያዎች አቅም በላይ ስለነበር፣ ጥያቄው በቀጥታ ምልከታ ብቻ የሚፈታ አልነበረም። መልሱ የተገኘው በቅድሚያ በሒሳብ ስሌት፣ ኋላም ስሌቱን ባረጋገጠ የዘረመል ምርመራ ሲሆን፣ የመልሱ አንድምታ ግን እስከ ዛሬ ድረስ በሕክምናው አሠራር ውስጥ የሚገባውን ቦታ አላገኘም።

ካንሰርን እንደ ዝግመተ ለውጥ ሂደት የመመልከቱ ሐሳብ ግልጽ ቅርጽ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1976 አሜሪካዊው የሕክምና ተመራማሪ ፒተር ኖዌል ባሳተሙት ጽሑፍ ነው። በእርሳቸው አቀራረብ ዕጢ ከአንድ ወላጅ ሕዋስ ይነሳል፤ ሕዋሱ በተከፈለ ቁጥር በዲኤንኤው ላይ ሚውቴሽን የሚባሉ የቅጂ ስሕተቶች ይከማቻሉ፤ ከእነዚህ ስሕተቶች አብዛኞቹ የማይጠቅሙም የማይጎዱም ሲሆኑ፣ ጥቂቶቹ ግን ባለቤታቸው የሆነው ሕዋስ ከጎረቤቶቹ ይልቅ ፈጥኖ እንዲባዛ ወይም ከሞት እንዲያመልጥ ያደርጉታል። ከአንድ ሕዋስ የወረዱና የጋራ ሚውቴሽን የያዙ ሕዋሳት ስብስብ ክሎን ይባላል። ክሎኖቹ በቦታ፣ በኦክስጅንና በምግብ ይሻማሉ፤ ዳርዊን በዕፅዋትና በእንስሳት ላይ የገለጹት የተፈጥሮ ምርጫም በአንድ ሰው ሰውነት ውስጥ፣ በጥቂት ዓመታት ዕድሜ፣ በሕዋሳት መካከል ይካሄዳል ማለት ነው።

ሒሳብ ወደዚህ መስክ የገባው ግን ከኖዌል ቀድሞ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 እንግሊዛውያኑ ፒተር አርሚቴጅና ሪቻርድ ዶል በካንሰር የሞቱ ሰዎችን ቁጥር ከዕድሜ ጋር ሲያነጻጽሩ፣ በብዙ የካንሰር ዓይነቶች የሞቱ መጠን ከዕድሜ ስድስተኛ ርቢ ጋር ተመጣጥኖ እንደሚያድግ አስተዋሉ፤ ይህም ዕድሜ በእጥፍ ሲጨምር አደጋው ወደ 64 እጥፍ ይደርሳል እንደ ማለት ነው። አንድ ሕዋስ ካንሰር ለመሆን በተከታታይ ማለፍ ያለበት ደረጃ በርካታ ከሆነ፣ የበሽታው መጠን የሚከተለው የርቢ ቁጥር ከደረጃዎቹ ብዛት በአንድ እንደሚያንስ ቀመሩ ስለሚያሳይ፣ ሁለቱ ሊቃውንት ሂደቱ ወደ ሰባት የሚጠጉ ደረጃዎች ይኖሩታል የሚል ግምት ላይ ደረሱ። እ.ኤ.አ. በ1971 ደግሞ አልፍሬድ ክኑድሰን ሬቲኖብላስቶማ የተባለውን የሕፃናት የዐይን ካንሰር በ48 ሕሙማን መረጃ መርምረው፣ በሽታው በዘር በሚተላለፍባቸው ልጆች አንድ፣ በዘር በማይተላለፍባቸው ደግሞ ሁለት ሚውቴሽን እንደሚያስፈልግ በሽታው ከታወቀበት ዕድሜ ስርጭት ብቻ ተነስተው ደመደሙ። ዘረመሉ ራሱ ተለይቶ የወጣው ከ15 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ዘረመሉን ያላየ ሰው ስንት ጊዜ መጎዳት እንዳለበት ቆጥሮ መናገር መቻሉ የዚህን ዘዴ አቅም ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ያሳያል።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ የሚመልሰው ፈተና ግን ከካንሰር ውጭ፣ በባክቴሪያ ላይ የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 ጣሊያን የተወለዱት ሳልቫዶር ሉሪያና ጀርመን የተወለዱት ማክስ ዴልብሩክ፣ ሁለቱም በአሜሪካ እየሠሩ ሳለ፣ ባክቴሪያን በሚገድል ቫይረስ ላይ የተደረገ ሙከራ አቀረቡ። በርካታ ትናንሽ የባክቴሪያ እርባታዎችን ለየብቻ ካሳደጉ በኋላ እያንዳንዱን ለቫይረሱ አጋልጠው ከየእርባታው የተረፉትን ቆጠሩ። ቫይረሱ ራሱ የመቋቋም ችሎታን የሚፈጥር ቢሆን ኖሮ፣ ዕድሉ ለሁሉም ባክቴሪያ እኩል ስለሚሆን የተራፊዎቹ ቁጥር ከእርባታ እርባታ ብዙ ባልተለያየ ነበር። ችሎታው ከቫይረሱ በፊት በአጋጣሚ ሚውቴሽን የሚመጣ ከሆነ ግን፣ ሚውቴሽኑ በእድገቱ መጀመሪያ ላይ የደረሰበት እርባታ በሺዎች የሚቆጠሩ ተቋቋሚ ዘሮች ሲኖሩት፣ ዘግይቶ የደረሰበት ጥቂት፣ ያልደረሰበት ደግሞ ምንም አይኖረውም፤ ስለዚህ በቁጥሮቹ መካከል ያለው መራራቅ ከአማካዩ እጅግ የሰፋ ይሆናል። የታየው ሁለተኛው ነው። ወሳኙ ማስረጃ የተራፊዎቹ ብዛት ሳይሆን የብዛቱ መለያየት መሆኑ የሙከራው ትልቁ ጥበብ ሲሆን፣ ሁለቱ ተመራማሪዎች ከአልፍሬድ ኸርሺ ጋር እ.ኤ.አ. በ1969 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ይህንን አስተሳሰብ ወደ ካንሰር መድኃኒት ያመጡት በካናዳ ቫንኩቨር ይሠሩ የነበሩት ሐኪሙ ጄምስ ጎልዲና የስታቲስቲክስ ባለሙያው አንድሩ ኮልድማን ናቸው፤ ሥራቸው የታተመው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ፍሬ ነገሩን ለማስረዳት ያህል፣ አንድ ሕዋስ ሲከፈል መድኃኒቱን ለመቋቋም የሚያስችል ሚውቴሽን የማግኘት ዕድሉ ከ100 ሚሊዮን አንድ ነው ይባል። ዕጢው 10 ሚሊዮን ሕዋሳት ሲኖሩት አንድም ተቋቋሚ ሕዋስ ሳይይዝ የመገኘት ዕድሉ 90 በመቶ ያህል ነው፤ 100 ሚሊዮን ሲደርስ ዕድሉ ወደ 37 በመቶ ይወርዳል፤ አንድ ቢሊዮን ሲሞላ ደግሞ ከ20 ሺህ አንድ እንኳ አይሞላም። ከ10 ሚሊዮን ወደ አንድ ቢሊዮን ለማደግ ዕጢው መጠኑን ሰባት ጊዜ እንኳ ሙሉ በሙሉ ማጠፍ አያስፈልገውም። ተስፋ ያለበት ወቅት ከተስፋ ቢሱ የሚለየው በዚህ አጭር ርቀት መሆኑ፣ ካንሰርን ቀድሞ የማግኘትን አስፈላጊነት ከተለመደው ምክር ወደ ትክክለኛ ስሌት ያሸጋግረዋል። በምስል የሚታይ ዕጢ አብዛኛውን ጊዜ በመቶ ሚሊዮኖችና በቢሊዮኖች የሚቆጠሩ ሕዋሳትን የያዘ በመሆኑም፣ ሕክምናው ሲጀመር ተቋቋሚው ክሎን በቦታው አለ ብሎ መነሳት የጥንቃቄ ብቻ ሳይሆን የስሌትም ግዴታ ነው።

ስሌቱ በሕሙማን ደም የተረጋገጠው ከ33 ዓመታት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት፣ ፓኒቱሙማብ የተባለውን መድኃኒት የወሰዱ 24 የትልቁ አንጀት ካንሰር ሕሙማን፣ ሲጀምሩ ዕጢያቸው ኬራስ በተባለው ዘረመል ላይ ሚውቴሽን እንደሌለው የተረጋገጠ ቢሆንም፣ በዘጠኙ ደም ውስጥ የተለወጠው ኬራስ ከጊዜ በኋላ ብቅ አለ፤ ያውም በአብዛኞቹ ከአምስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ። ሰዓቱ ይህን ያህል ተቀራራቢ መሆኑ ተመራማሪዎቹን አስገረማቸው። የዕጢዎቹን የዕድገት ፍጥነት ወደ ኋላ ቆጥረው ሲያሰሉ፣ ተቋቋሚዎቹ ሕዋሳት ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት እንደነበሩና መድኃኒቱ ያደረገው ተፎካካሪዎቻቸውን ማስወገድ ብቻ እንደሆነ ታወቀ። ከዚሁ የምርምር ቡድን ጋር የሠሩት ኢቫና ቦዚችና ማርቲን ኖዋክ በ2013 ባወጡት ስሌት አንድ እርምጃ ወደፊት ሄዱ፤ ሁለት መድኃኒቶች አንዱ ከሌላው በኋላ ቢሰጡ ዕጢው ሁለቱንም በየተራ የማምለጥ ዕድሉ ሰፊ ሲሆን፣ በአንድ ጊዜ ቢሰጡ ግን አንድ ሕዋስ ሁለት የተለያዩ ሚውቴሽኖችን በአንድነት መያዝ ስለሚኖርበት ዕድሉ የሁለቱ ብዜት፣ ማለትም እጅግ ጥቃቅን ቁጥር ይሆናል። ነገር ግን ሁለቱን መድኃኒቶች በአንድ ጊዜ የሚያስመልጥ አንድ ነጠላ ሚውቴሽን እንኳ ካለ ጥቅሙ ይጠፋል። በየክሊኒኩ የተለመደው አሠራር አንዱ መድኃኒት ሲሸነፍ ወደ ሁለተኛው መሻገር ነው፤ ጎጂነትን መፍራትና የዋጋ ጫና ለዚህ ምክንያት ቢሆኑም፣ ስሌቱ በዚህ አካሄድ ላይ የሰጠው ፍርድ ግን ከባድ ነው።

የዕጢን ታሪክ ከዲኤንኤው የማንበቡ ሥራ ደግሞ የኮምፒዩተር ስሌትን ወደ መሃል አምጥቶታል። ከናሙና የሚገኘው ዲኤንኤ የሚሊዮኖች ሕዋሳት ቅይጥ በመሆኑ፣ የሚታወቀው እያንዳንዱ ሚውቴሽን በስንት በመቶ ንባቦች (በማሽን በተነበቡ የዲኤንኤ ቁርጥራጮች) ላይ እንደታየ ብቻ ነው። አንድ ሚውቴሽን ከሁለቱ የክሮሞዞም ቅጂዎች በአንዱ ላይ ተቀምጦ በ20 በመቶ ንባቦች ከታየ፣ ጤነኛ ሕዋሳት ባልተቀላቀሉበት ናሙና 40 በመቶ የሚሆኑት የካንሰር ሕዋሳት ይዘውታል ማለት ነው። አሁን አንዱ ሚውቴሽን በ70 በመቶ፣ ሌላው በ60 በመቶ ሕዋሳት ውስጥ ቢገኝ ድምራቸው ከ100 ስለሚበልጥ ሁለቱ በአንዳንድ ሕዋሳት የግድ ይገናኛሉ፤ ስለዚህ አንዱ የሌላው ዘር ነው። ቁጥሮቹ 40 እና 30 ቢሆኑ ግን፣ ወላጅና ልጅም፣ ሁለት ተለያይተው ያደጉ ወንድማማቾችም ሊሆኑ ይችላሉ፤ መረጃው ሁለቱንም ይፈቅዳል። በመቶዎች ለሚቆጠሩ ሚውቴሽኖች ይህን መሰል ምርመራ ማካሄድ፣ የጤነኛ ሕዋሳትን ድርሻና የክሮሞዞም ቅጂዎችን ብዛት ማረም፣ ከሚቻሉት የትውልድ ዛፎች መካከልም ለመረጃው የሚስማሙትን በዕድል ሚዛን ማስቀመጥ የኮምፒዩተሩ ሥራ ነው። አንባቢ በሳይንስ መጽሔት ላይ ጥርት ብሎ የተሳለ የካንሰር የትውልድ ዛፍ ሲያይ፣ ያው መረጃ የሚፈቅዳቸው ሌሎች ዛፎች ብዙ ጊዜ እንደሚኖሩ ማስታወስ ይገባዋል። በዚያ ላይ ብዙዎቹ ዘዴዎች አንድ ጊዜ የተገኘ ሚውቴሽን አይጠፋም ብለው ይነሳሉ፤ ካንሰር ግን ሙሉ የክሮሞዞም ክፍልን ከነሚውቴሽኑ ጥሎ የመሄድ ልማድ አለው።

እንዲህም ሆኖ የተገኘው እውቀት ከፍተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በለንደን በማርኮ ገርሊንገርና በቻርልስ ስዋንተን የተመራው ጥናት ከአንድ የኩላሊት ካንሰር የተለያዩ ክፍሎች የተወሰዱ ናሙናዎችን ሲያነጻጽር፣ ከ63 እስከ 69 በመቶ የሚሆኑት ሚውቴሽኖች በሁሉም ክፍሎች ውስጥ እንደማይገኙ አሳየ፤ ይህም በአንድ የመርፌ ናሙና ላይ ብቻ ተመሥርቶ የሚሰጥ ውሳኔ የዕጢውን አብዛኛውን ማንነት ሳያይ ሊያልፍ እንደሚችል አመለከተ። ከዚያ የተወለደው ትሬሰርኤክስ የተባለው የብሪታንያ የሳንባ ካንሰር ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017 የመጀመሪያዎቹን 100 ሕሙማን ውጤት ሲያወጣ፣ በዕጢው ክፍሎች መካከል የክሮሞዞም ቅጂዎች ብዛት መለያየት ለበሽታው መመለስና ለሞት አደጋ ምልክት እንደሆነ፣ የነጠላ ፊደል ሚውቴሽኖች መለያየት ግን እንደዚያ እንዳልሆነ አሳየ።

በመስኩ ውስጥ የጋለ ክርክርም አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ማርክ ዊልያምስ፣ ትሬቨር ግራሃም፣ አንድሪያ ሶቶሪቫና ባልደረቦቻቸው፣ ዕጢው ካደገ በኋላ ምንም ምርጫ ባይኖርና ክሎኖቹ ሁሉ እኩል ቢባዙ የሚውቴሽኖቹ ብዛት ከድግግሞሻቸው ጋር በምን ዓይነት ቀመር እንደሚያያዝ አስልተው፣ ከመረመሯቸው 904 ዕጢዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከዚህ ቀመር ጋር እንደሚስማሙ ገለጹ። ተቺዎቻቸው ምርጫ ያለበት ዕጢም ተመሳሳይ ቅርጽ ሊሰጥ እንደሚችልና ከቀመር ጋር መስማማት ቀመሩ እውነት ለመሆኑ በቂ ማስረጃ እንዳልሆነ መለሱ። ትችቱ ተገቢ ነው፤ ሥራው ግን ዋጋ ያለው ሆኖ ይቆያል፤ ምክንያቱም «ምርጫ አለ» የሚለውን አባባል ያለ ማስረጃ ከመቀበል ይልቅ መጀመሪያ ምርጫ የሌለበት ሁኔታ ምን እንደሚመስል ማስላት እንደሚያስፈልግ አስገድዷል። ጉዳዩን ይበልጥ ያወሳሰበው እ.ኤ.አ. በ2018 በኢኒጎ ማርቲንኮሬና የተመራው ጥናት ነው፤ በመካከለኛ ዕድሜ ባሉ ጤነኛ ሰዎች የምግብ ቧንቧ ላይ ከካንሰር ጋር የሚያያዙ ሚውቴሽኖችን የያዙ ክሎኖች ከግማሽ በላይ የሆነውን ቦታ ሸፍነው ተገኝተዋል፤ ኖች1 በተባለው ዘረመል ላይ ያለ ሚውቴሽንም ከካንሰሩ ይልቅ በጤነኛው ሽፋን ላይ በብዛት ይታያል። በፉክክሩ ማሸነፍና ካንሰር መሆን አንድ እንዳልሆኑ ይህ በቂ ማሳያ ነው።

የምግብ ቧንቧ ካንሰር ለኢትዮጵያ ሩቅ ጉዳይ አይደለም፤ በአርሲና በባሌ አካባቢዎች በብዛት እንደሚታይ የታወቀ ሲሆን፣ ከኢትዮጵያ ተነስቶ በኬንያና በታንዛኒያ አልፎ ማላዊን በሚያካትተው የምሥራቅ አፍሪካ መስመር ላይ በሽታው ከሌላው ዓለም በርትቶ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት ኬንያን፣ ታንዛኒያንና ማላዊን ጨምሮ ከስምንት አገሮች የተሰበሰቡ 552 ዕጢዎችን ሙሉ ዲኤንኤ አንብቦ፣ እያንዳንዱ ጎጂ ነገር በዲኤንኤ ላይ የሚተወውን የሚውቴሽን አሻራ በኮምፒዩተር ነጥሎ ሲያወጣ፣ በሽታው በበዛባቸውና ባልበዛባቸው አገሮች መካከል አሻራዎቹ በአመዛኙ ተመሳሳይ ሆነው ተገኙ። ስለዚህ የበሽታው መብዛት ምክንያት አሻራ ጥሎ በሚያልፍ አንድ አዲስ መርዝ ብቻ የሚገለጽ አይመስልም፤ ያሉትን ክሎኖች እያበረታታ የሚያሳድግ ሌላ ተጽዕኖም መፈለግ አለበት። ዓለም አቀፉ የካንሰር የዘረመል መረጃ በአብዛኛው ከአውሮፓ ዝርያ ካላቸው ሰዎች የተሰበሰበ ሆኖ ሳለ፣ በዚያ ላይ የተገነቡ ሞዴሎችን ለአርሲና ለባሌ ሕሙማን ያለ ማረጋገጫ መጠቀም ትክክል አይሆንም።

ከዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ ወደ ታማሚው አልጋ በግልጽ የቀረበው፣ በፍሎሪዳ ታምፓ በሚገኘው ሞፊት የካንሰር ማዕከል ሮበርት ጌትንቢና ባልደረቦቻቸው የጀመሩት ተለዋዋጭ ሕክምና ነው። የተለመደው ሕክምና ታማሚው ሊሸከም የሚችለውን ከፍተኛ መጠን ያለማቋረጥ በመስጠት የሚቻለውን ያህል ሕዋስ መግደልን ያለመ ነው። ጌትንቢ እንደሚሉት፣ ተቋቋሚው ክሎን አስቀድሞ ካለና ሊጠፋ ካልቻለ፣ ይህ አሠራር ተፎካካሪዎቹን ሁሉ ጠርጎ ሜዳውን ለእርሱ ብቻ ይተውለታል። ገበሬ ተባይን ፈጽሞ ለማጥፋት በየጊዜው ሲረጭ የቀረው ተባይ መድኃኒት የማይነካው ብቻ እንደሚሆን ሁሉ፣ በዕጢውም የሚሆነው ተመሳሳይ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ዕጢውን አሳንሶ ይቆማል፤ ለመድኃኒቱ የሚበገሩት ሕዋሳት ሆን ተብለው ይተዋሉ፤ እነርሱም ቦታና ምግብ እየተሻሙ ተቋቋሚዎቹን ያፍናሉ።

መቼ መስጠት፣ መቼ ማቆም እንደሚገባ የሚመረመረው አልፍሬድ ሎትካና ቪቶ ቮልቴራ በ1920ዎቹ ለእንስሳት ፉክክርና አደን በቀመሯቸው እኩልታዎች ነው። ለተስፋፋ የፕሮስቴት ካንሰር የተሠራው ሞዴል ሦስት የሕዋስ ዓይነቶችን ይከታተላል፤ ከሰውነት የሚመጣ ቴስቶስትሮን የሚፈልጉ፣ ቴስቶስትሮንን ራሳቸው የሚሠሩና ያለ ቴስቶስትሮን የሚኖሩ። አቢራተሮን የተባለው መድኃኒት ሁለተኛዎቹን ሲመታ ሦስተኛዎቹን አይነካም። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመው የመጀመሪያ ሙከራ 11 ሕሙማን ተካፈሉ፤ የፕሮስቴት ዕጢን ስፋት የሚጠቁመው ፒኤስኤ የተባለው የደም መለኪያ ከመነሻው በግማሽ ሲወርድ መድኃኒቱ ቆመ፣ ወደ መነሻው ሲመለስ እንደገና ተጀመረ። በሽታው እንደገና እስኪገፋ ያለው መካከለኛ ጊዜ ቢያንስ 27 ወር ሲሆን፣ ጥቅም ላይ የዋለው መድኃኒት ከተለመደው መጠን 47 በመቶ ብቻ ነበር። በ2022 በወጣው ተከታይ ዘገባ ጊዜው 33.5 ወር ሲደርስ፣ በተለመደው መንገድ የታከሙት ንጽጽር ሕሙማን 14.3 ወር ነበራቸው። መድኃኒት በውድ ዋጋ ለሚገዛባቸው አገሮች ግማሹን መድኃኒት ተጠቅሞ የተሻለ ጊዜ ማግኘት ትልቅ ትርጉም እንዳለው ግልጽ ነው።

ሆኖም ሞዴል ሊሳሳት እንደሚችል የራሱ የመስኩ ታሪክ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ2005 ፍራንዚስካ ሚቾርና ባልደረቦቻቸው ኢማቲኒብ በተባለው መድኃኒት የሚታከሙ የደም ካንሰር ሕሙማንን መረጃ በሒሳብ ተንትነው፣ መድኃኒቱ የካንሰሩን ግንድ ሕዋሳት፣ ማለትም ሌሎቹን የካንሰር ሕዋሳት የሚያመነጩትን፣ ስለማይገድል ሲቆም በሽታው ይመለሳል የሚል ግምት ሰጡ፤ በጀርመን ላይፕዚግ የኢንጎ ሮደር ቡድን በ2006 ያቀረበው ሌላ ሞዴል ግን ግንድ ሕዋሳቱ በረጅም ጊዜ ሊመናመኑ እንደሚችሉ አሳየ። በፈረንሳይ በተደረገውና በ2010 በታተመው ሙከራ፣ በሽታው ከሁለት ዓመት በላይ በምርመራ ያልታየባቸው ሕሙማን መድኃኒቱን በሐኪም ክትትል ሲያቆሙ፣ ከአሥር አራት ያህሉ ከአንድ ዓመት በኋላም በሽታው አልተመለሰባቸውም። ሁለቱም ሞዴሎች ያንኑ መሰል መረጃ ቢያብራሩም፣ ስለ ወደፊቱ የሰጡት ግምት ተለያይቷል፤ የፈረደውም ሙከራው ነው።

ተለዋዋጭ ሕክምናም በዚሁ ሚዛን መመዘን አለበት። የሞፊት ሙከራ ጥቂት ሕሙማንን የያዘ፣ ንጽጽሩም በዕጣ ያልተመደበ በመሆኑ፣ የተሻለ ውጤት ያሳዩት ሕሙማን ከመነሻው የተሻለ ሁኔታ ላይ የነበሩ ስላለመሆናቸው ማረጋገጫ የለውም። ፉክክሩ ተቋቋሚውን ክሎን ምን ያህል እንደሚያፍነው፣ መቋቋም ራሱ ሕዋሱን ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍለው ከካንሰር ካንሰር ይለያያል፤ ዕጢው ባለበት ከመቆየት ይልቅ ወደ ሌሎች አካላት የመሠራጨት ዕድሉ ሲጨምር ደግሞ ሆን ተብለው የተተዉት ሕዋሳት አደጋ ሊሆኑ ይችላሉ። ሕሙማንን በዕጣ ወደ ሁለቱ የሕክምና መንገዶች የሚመድብ ሙከራ በአውስትራሊያና በኔዘርላንድስ ተጀምሯል፤ ተለዋዋጩ አሠራር ወደ መደበኛ ሕክምና መግባት ያለበት እንዲህ ያሉ ሙከራዎች ከደገፉት በኋላ ነው። እስከዚያው ድረስ መድኃኒት የሚወስድ አንባቢ ወይም ቤተሰቡ ይህን ስሌት አንብቦ በገዛ ውሳኔው መድኃኒት ማቋረጥ ወይም መቀነስ የለበትም፤ በእነዚህ ሙከራዎች ሁሉ መድኃኒቱ የቆመውም የተጀመረውም በተደጋጋሚ የደም ምርመራና በሐኪም ትእዛዝ ነው።